ከድልም ከሽንፈትም ትምህርት እንዴት ይወጣል? ከረጅም ርቀት ሩጫ የተቀዳ መመሪያ

አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሴቶችን 10,000 ሜትር በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስታሸንፍ፣ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 ካስመዘገበችው ወዲህ ማንም ያልደረሰበትን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሽላለች። ከሰባት ቀን በኋላ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ ያንኑ አሯሯጥ ይዛ ቀረበች፤ ከሁሉም ቀድማ ወጥታ ብቻዋን መራች። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ኬንያውያኑ ቪቪያን ቼሪዮት እና ሔለን ኦቢሪ ደርሰው አለፏት፤ አልማዝም የነሐስ ሜዳልያ ይዛ ወጣች። ወርቁን የወሰደችው ቼሪዮት ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር በ15 ሰከንድ ተበልጣ ሁለተኛ የወጣችው ሯጭ ነበረች። እኔ ሁለቱን ውድድሮች አንድ ላይ ሳያቸው፣ ያቺ አንዲት ሳምንት ለተሸናፊዋ አዲስ ስልት፣ ለአሸናፊዋ ደግሞ የድሮውን ስልት ያቀበለች ይመስለኛል።

«ሽንፈት ያስተምራል» የሚለው አነጋገር በየመድረኩ ይደጋገማል፤ ነገር ግን ሽንፈት በራሱ ማንንም አያስተምርም። በአንድ ምክንያት አሥር ጊዜ ተሸንፎ ለአሥራ አንደኛው በዚያው ምክንያት የሚቀርብ ሰው በየሙያው ሞልቷል። ድል ደግሞ ከዚህም የባሰ ደካማ መምህር ነው፤ ምክንያቱም ያሸነፈን ሰው እንዴት እንዳሸነፈ የሚጠይቀው የለም፣ እሱም ራሱን አይጠይቅም። ትምህርቱ የሚገኘው ከውጤቱ በኋላ ከሚሠራው ሒሳብ ነውና፣ ይህ መመሪያ ያ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ምሳሌዎቹን ከረጅም ርቀት ሩጫ የወሰድኩት ለአገራችን አንባቢ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በሩጫ ደረጃውም ሰዓቱም በግልጽ ስለሚመዘገብ ራስን ለማታለል የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውድድሩ በፊት ሦስት መለኪያ መጻፍ

ከመወዳደርዎ በፊት፣ በዚያ ቀን «ጥሩ ሠርቻለሁ» የሚያሰኝዎት ምን እንደሆነ በወረቀት ያስፍሩ። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚወጣ መለኪያ ሁልጊዜ ለውጤቱ ያደላል፤ ያሸነፈ ሰው ስህተቱን እንደ ስልት ይቆጥረዋል፣ የተሸነፈ ሰው ደግሞ ትክክለኛ የነበረውን ውሳኔውን ሳይቀር ይረግማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መለኪያውን በሩጫው መካከል ወይም ከሩጫው በኋላ ለመፈለግ መሞከር ከንቱ ነው።

መለኪያዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ ደረጃ፣ ሰዓት እና ዕቅድ። ደረጃ ከእርስዎ ጥረት ጋር የሌሎችንም ጥረት ስለሚለካ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሰዓት ከደረጃ ይልቅ ወደ እርስዎ ይቀርባል፤ ሆኖም ነፋስ፣ ሙቀት፣ የቦታ ከፍታና የአሯሯጮች፣ ማለትም ፍጥነት ለመጠበቅ ተቀጥረው ከፊት የሚሮጡ ሰዎች፣ ብቃት ይገቡበታል። ዕቅድ ግን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፤ ለምሳሌ «እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ከፊተኛው ቡድን ሳልነጠል እቆያለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን አልመራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተፈጸመ ወይም ያልተፈጸመ መሆኑን በማያሻማ መንገድ ማወቅ ይቻላል።

ቀነኒሳ በቀለ በ2019 የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ። ያ ሰዓት ኤሊውድ ኪፕቾጌ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነበር። ቀነኒሳ በ2017 በበርሊን፣ በ2018 ደግሞ በአምስተርዳም ማራቶን አቋርጦ ወጥቶ እንደነበር ስናስታውስ፣ ይህን ውጤት በአንድ ቃል ድል ወይም ሽንፈት ብሎ መጥራት እንዴት እንደሚያስቸግር እንረዳለን። በደረጃ አንደኛ ነው፤ በሰዓት ለጥቂት ያመለጠ ክብረ ወሰን ነው፤ ሁለት ማራቶን ላቋረጠ ሯጭ ደግሞ ርቀቱን በሙሉ ብቃት መጨረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱን መስመሮች ለይቶ የማይጽፍ ሰው እንደየስሜቱ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ለትግስት አሰፋም ይኸው ሒሳብ ይሠራል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በሲፋን ሐሰን በሦስት ሰከንድ፣ በ2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በፔሬስ ጄፕቺርቺር በሁለት ሰከንድ ተቀድማ ሁለት የብር ሜዳልያዎች ወስዳለች። በሁለቱ መካከል በ2025 የለንደንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሸንፋ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡበት ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ይዛለች። ደረጃውን ብቻ የሚያይ ሰው «ሁለት ጊዜ ወርቅ አመለጣት» ብሎ ያዝናል፤ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር እንከን እንዳልነበረባቸውና ሊሠራበት የሚገባው የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሆኑ ያያል። ሽንፈቱን እንዲህ ማጥበብ ሲቻል፣ የሚያስጨንቀው ነገር ወደ ልምምድ መርሐ ግብር ሊገባ ወደሚችል ትንሽ ሥራ ይቀየራል።

በመጀመሪያው ሌሊት መወሰን አይገባም

ውጤቱ በታወቀበት ዕለት የሚጻፈው የተፈጸመውን ብቻ ይሁን፤ ማለትም ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሰውነት የከበደበት ቦታ፣ የበሉትና የጠጡት። ፍርድ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 የኒው ዮርክን ማራቶን በጉልበቱ ሕመም ምክንያት አቋርጦ ሲወጣ፣ በዚያው ዕለት በጋዜጠኞች ፊት ከሩጫ መሰናበቱን አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰና እስከ 2015 ድረስ በውድድር ቆየ። እንደ እሱ ያለ ብዙ ያየ ሰው እንኳ በሕመምና በብስጭት መካከል ሆኖ የወሰነውን መልሶ ካጠፈ፣ ሌላው ሰው በዚያች ሌሊት በሚወስነው ላይ ሊተማመን አይገባውም።

የአሸናፊም ሌሊት ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚታይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በድል ማግስት የሚገባ ቃል፣ የሚፈረም ውልና «ከእንግዲህ በዚህ ርቀት የሚደርስብኝ የለም» የሚል መግለጫ ለወራት ሲያስከፍል ይታያል።

ሒሳቡን መሥራት

ስሜቱ ሲረግብ አንድ ገጽ ለሦስት ይክፈሉ፦ በእጄ የነበረ፣ በእጄ ያልነበረ እና ያላወቅሁት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪው ግን እያንዳንዱን ነገር በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጡ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የራሱን ወደ ዕድል፣ የዕድልን ደግሞ ወደ ራሱ የመጻፍ ልማድ አለው።

ሐጎስ ገብረ ሕይወት በሐምሌ 2019 በሎዛን የዳይመንድ ሊግ የ5,000 ሜትር ውድድር ፍጥነቱን ጨምሮ ከሁሉም ቀድሞ መስመሩን ካለፈ በኋላ ያሸነፈ መስሎት ቆመ፤ የቀረው ግን አንድ ሙሉ ዙር ነበር። ስህተቱን አውቆ እንደገና ሮጠ፤ ሆኖም አሥረኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ድሉም የዮሚፍ ቀጀልቻ ሆነ። ይህ ምክንያት በእጁ የነበረ ስለሆነ በመጀመሪያው ክፍል ይጻፋል፤ መድኃኒቱም የመጨረሻው ዙር ሲጀመር የሚደወለውን ደወል መስማትና ዙር መቁጠር ብቻ ነው። ትንሽ ምክንያት ያሳፍራልና ብዙ ሰው ከትልቅ ምክንያት በስተጀርባ ይደብቀዋል፤ «አቋሜ ወርዶ ነው»፣ «ልምምዴ ትክክል አልነበረም» ይልና ያልተበላሸውን ማስተካከል ይጀምራል። የሐጎስ ጉልበት አልተበላሸም ነበር፤ በ2024 በኦስሎ ርቀቱን በ12 ደቂቃ ከ36.73 ሰከንድ ሲያሸንፍ በታሪክ ከእሱ የፈጠነው የጆሹዋ ቼፕቴጌ ክብረ ወሰን ብቻ ነበር።

በእጅ ያልነበረው ክፍልም ቢሆን ተጽፎ የሚዘጋ አይደለም። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በአጭሩም በረጅሙም ርቀት ካሸነፈ በኋላ፣ በ2007 በሞምባሳ በጠራራ ፀሐይና በወበቅ ውስጥ አቋርጦ ወጣ፤ ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰም አሸነፈ። ወበቁ በማንም እጅ አልነበረም፤ ነገር ግን ለወበቅ መዘጋጀት በከፊል በእጅ ነው፤ በቀዝቃዛ ደጋ ብቻ የሚለማመድ ሯጭ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ማሰብ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍል ከሰፈረው ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ «ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በእጄ ያለ ምን ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ይጻፉ። ቀነኒሳ በቀጣዩ ዓመት በኤድንብራ ሩጫው ገና ሳይገፋ ጫማው ወልቆበት ቆሞ ካጠለቀው በኋላም አሸንፎ ማዕረጉን መልሷል።

ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ የሁለተኛው ክፍል ብዛት ሰውን እንዴት ሊፈትን እንደሚችል ያሳያል። በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ቢያገኝም በ5,000 ሜትር ሳይሰለፍ ቀረ፤ በ1976 በሞንትሪያል ደግሞ አፍሪካውያን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መጓዙን ተቃውመው ከኦሊምፒኩ ሲወጡ እሱም አልተወዳደረም። ይህን ሊለውጥ የሚችልበት ምንም መንገድ አልነበረውም። በእጁ የቀረው ልምምዱን ሳያቋርጥ መቆየት ብቻ ነበር፤ በ1980 በሞስኮም ሁለቱንም ርቀቶች በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ አሸነፈ።

ሦስተኛውን ክፍል ማለትም ያላወቁትን ብቻዎን አይሞሉትም። ውድድሩን ከውጭ ያየ ሰው ያስፈልጋል፤ አሰልጣኝ፣ የልምምድ ጓደኛ ወይም የተቀረጸ ምስል። ጓደኛዎን «እንዴት ነበርኩ?» ብለው አይጠይቁት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው ማጽናኛ ወይም ሙገሳ ነው። «ከቡድኑ የተነጠልኩት መቼ ነው? ከዚያ በፊት ምን እያደረግሁ ነበር?» ብለው ይጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። በሽንፈት ማግስት ጫማውን፣ ምግቡን፣ የልምምድ ቦታውንና አሰልጣኙን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሻለውም ባይሻለውም ምክንያቱን አያውቅም፤ የሚቀጥለው ውጤቱም ምንም ሳያስተምረው ያልፋል።

ድልን መመርመር

በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምመክረው፣ ግን ከሁሉ ያነሰ ሰው የሚሠራው ክፍል ይህ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ዓለም ከድሉ ነጥሎ ያስቀረው ባዶ እግሩን ነበር። እስከ ዛሬም ስለ እሱ የሚነገረው አብዛኛው ወሬ እዚያ ላይ ይቆማል። አበበ ራሱ ግን በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ሳለ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በሁለቱ ድሎች መካከል በ1963 በቦስተን አምስተኛ የወጣበት ውድድርም አለ። ለሮሙ ድል ምክንያት የሆነው ባዶ እግር ቢሆን ኖሮ የቶኪዮው ድል ሊኖር አይችልም ነበር። በድል ውስጥ ለዓይን ጎልቶ የሚታየው ነገር ለድሉ ምክንያት የሆነው ነገር ላይሆን ይችላል፤ አሸናፊው ይህን ካልለየ በሚቀጥለው ጊዜ ዋናውን ጥሎ ጌጡን ይደግማል።

ስለዚህ ካሸነፉ በኋላ በስንት እንዳሸነፉ ይጻፉ። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ነበር። የድሉ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ልዩነት ያገኘ ሰው ዝግጅቱን ሲገመግም፣ ወርቁን እንደያዘ፣ በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ እንደተቀደመ አድርጎ ቢመረምር ይጠቀማል። ቀጥሎ ማን እንዳልተገኘ ይጻፉ፤ ጠንካራው ተፎካካሪ ታሞ ወይም ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ድሉ ድል ነው፣ የእርስዎ ብቃት መለኪያ ግን አይደለም። በመጨረሻ «ከስህተቶቼ ውስጥ ተፎካካሪዎቼ ያልተጠቀሙበት የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ደስ አይልም፤ ሆኖም መልሱን ዛሬ ካላገኙት ነገ ተፎካካሪዎ አግኝቶ ያሳይዎታል።

ሽንፈት ሲደጋገም

አንድ ሽንፈት ብዙ አያረጋግጥም። ሦስት ሽንፈት በሦስት የተለያየ ምክንያት ከመጣ አሁንም ሥራውን መቀጠል ይገባል፤ ሦስቱም በአንድ ምክንያት ከመጡ ግን ጥረት ከመጨመር በፊት መዋቅሩን መመርመር ያሻል። ፖል ቴርጋት በኃይሌ ዘመን በ10,000 ሜትር በ1995 የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ፣ በ1996 ኦሊምፒክ፣ በ1997 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮና እንዲሁም በ2000 ኦሊምፒክ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በአምስቱም ውድድሮች ያሸነፈው ኃይሌ ነው፤ ምክንያቱም በየጊዜው አንድ ዓይነት ነበር፣ በመጨረሻው ሩጫ የኃይሌን ፍጥነት መቋቋም አልተቻለም። ቴርጋት ወደ ማራቶን ዞረ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ከዚህ ቀጥለው በ2003 በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን እንደሰበረ ይናገራሉ፤ በመካከል ያለውን ይዘሉታል። በመካከሉ በ2001 በለንደን ሁለተኛ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት በቺካጎ አሯሯጭ ሆኖ የተቀጠረው ቤን ኪሞንዲዩ ሳያቋርጥ ቀጥሎ ቀድሞታል፤ በ2002 በለንደንም እንደገና ሁለተኛ ሆኗል። የሥራ ዘርፍን፣ የትምህርት ክፍልን ወይም የንግድ ዓይነትን ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ይህን መካከለኛ ዘመን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ለውጡ ትክክል ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽንፈት ሊመስል ይችላል። ኃይሌም በተራው ወደ ማራቶን መጥቶ በ2007 በበርሊን የቴርጋትን ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሰብሯል።

ትግስት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2022 መጀመሪያ በሪያድ የሮጠችው ማራቶን 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ወስዶባታል፤ በዚያው ዓመት በበርሊን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ፣ በ2023 ደግሞ በዚያው ከተማ፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚሮጡበት ውድድር፣ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰንን ሰብራለች።

ሁሉም ግን ርቀት መለወጥ የለበትም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትርን ካሸነፈች በኋላ በ1996 በአትላንታ አራተኛ ወጣች፤ በ1998 ልጅ ወለደች፤ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ እንደገና ወርቅ ወሰደች። የእሷን መንገድ ከቴርጋት መንገድ የሚለየው ትዕግሥት ወይም ድፍረት አይመስለኝም። እሷ በዚያ ርቀት ማሸነፍ እንደምትችል የሚያሳይ ማስረጃ በእጇ ነበረ፤ የቴርጋት ማስረጃ ደግሞ ተቃራኒውን ይናገር ነበር።

ተጠባባቂ ሆኖ መቅረት

ከሽንፈት ሁሉ ሒሳቡ የሚከብደው ሳይወዳደሩ መቅረት ነው፤ ሰዓትም ደረጃም አይተውምና። ታምራት ቶላ በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ማራቶንን አሸንፎ፣ በ2023 በቡዳፔስት ሻምፒዮና አቋርጦ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የኒው ዮርክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈ። እንዲህም ሆኖ ለፓሪስ ኦሊምፒክ የተመረጠው በተጠባባቂነት ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ታምራት ተተካ፤ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ጎዳናም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፎ፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ ለኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኘ።

ከዚህ የሚወሰደው የአሠራር ሥርዓት ግልጽ ነው። ተጠባባቂ የሆነ ሰው እንደሚወዳደር ሰው ይለማመድ፤ የውድድሩን ቦታ ያጥና፤ ዕቅዱን ይጻፍ፤ ዕድሉ ባይመጣም ያ ዝግጅት ለሚቀጥለው ውድድር መነሻ ይሆነዋል። ለሥራ ተወዳድሮ በተጠባባቂነት የተያዘ ሰውም ቢሆን ሰነዱን አዘጋጅቶ ቢቆይ የሚያጣው ነገር የለም። የአለመመረጥ ቅሬታ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ካለ በሥርዓቱ ይቅረብ፤ ልምምዱ ግን የቅሬታውን መልስ እየጠበቀ አይቁም።

ትምህርት የሌለው ሽንፈት

ሽንፈት ሁሉ ትምህርት አለው ብሎ ማስገደድ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ለተሰንበት ግደይ በየካቲት 2023 በባትኸርስት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና እየመራች ወደ መጨረሻው መስመር ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች፤ ቤያትሪስ ቼቤትም አልፋት አሸነፈች፤ ለተሰንበት በሰው ድጋፍ በመነሣቷ ውጤቷ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በቡዳፔስት በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ወሰደች። አቅሟን እስከ መጨረሻው ጠብታ አውጥታ የወደቀችን ሯጭ «ምን ተማርሽ?» ብሎ ማስጨነቅ አግባብ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ውኃ፣ ሐኪምና ዕረፍት ነው።

የሕመምና የጉዳት ነገርም እንዲሁ ነው። አበበ ቢቂላ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ ሮጦ ወርቁን ለአገሩ አስቀረ። የተጎዳ ሰው መውጣቱ በሽንፈት መዝገብ ሳይሆን በሕክምና መዝገብ ይጻፍ፤ ሁለቱን ያቀላቀለ ሯጭ በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙን ደብቆ ይሮጥና ዓመቱን በሙሉ ያጣል።

ያሸነፈዎት ሰው

ካሸነፈዎት ሰው የበለጠ ስለ ድክመትዎ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሰላምታ መስጠት ጨዋነትም ጥቅምም ነው። ኃይሌና ቴርጋት በመም ላይ ለዓመታት ተፋልመው ከመም ውጭ ወዳጆች ነበሩ። ደራርቱ በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ከተከተለቻት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የድል ዙር ሮጠዋል፤ ያ ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ስለነበር ትርጉሙ ከሩጫ ያልፋል። ለተራው ተወዳዳሪ የሚበቃው ግን ትንሽ ነገር ነው፦ እንኳን ደስ አለህ ወይም እንኳን ደስ አለሽ ካሉ በኋላ «ጥለኸኝ የሄድከው እዚያ ቦታ ላይ ለምን ነበር?» ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ። አብዛኛው ሰው በደስታ ይመልሳል፤ መልሱንም በሦስተኛው ክፍል ይጽፉታል።

ከመም ውጭና ከልጆች ጋር

ይህ አሠራር ለብሔራዊ ፈተና ለሚቀመጥ ተማሪ፣ ጨረታ ለሚያስገባ ነጋዴ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚቀርብ ሰው ብዙም ሳይለወጥ ይሠራል። ተማሪው ከውጤቱ ሌላ «በየቀኑ የያዝኩትን የጥናት ሰዓት አክብሬያለሁ ወይ?» የሚል የዕቅድ መስመር ይኖረዋል፤ ነጋዴው ጨረታውን ሲያሸንፍ ከሁለተኛው ተጫራች ዋጋ ምን ያህል እንደራቀ ይመለከታል፤ በጣም ርቆ ከሆነ ያሸነፈው ራሱን አክስሮ ሊሆን ይችላል።

ወላጆች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ልጅ ከውድድር ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ከሆነ፣ ልጁ ከሦስቱ መለኪያዎች በእጁ የሌለውን ብቻ እንዲቆጥር ይማራል። ምግቡን በልቶ ካረፈ በኋላ «የት ላይ ከበደህ? ያሰብከውን አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ጥያቄው አንድ ዓይነት ይሁን፤ በዘመድ ፊት መወደሱም መወቀሱም ቢቀር ይመረጣል።

የተሞሉት ገጾች በአንድ ደብተር ይቀመጡ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በጳጉሜን ቀናት ሥራ ቀለል በሚልበት ጊዜ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ማንበብና በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ የተደጋገመውን ምክንያት ማስመር ይገባል። የተሰመረበት ምክንያት ለአሰልጣኙ ወይም ለሥራ አጋር በጽሑፍ ይሰጥ፤ በመስከረም የሚጀመረው የልምምድ መርሐ ግብርም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለእሱ ይመድብ።